የአክስቴ የስኳር ክኒንና የካንሰር ተስፋ

በዚህ እትም ስለ አንድ መድኃኒት ልጽፍላችሁ ተነስቻለሁ። "የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መድኃኒት ምን አግብቷት?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ነገሩን በአፌ ያበላሸሁት እኔው ስለሆንኩ፣ በብዕር ማስተካከልም ያለብኝ እኔው ነኝ ብዬ አሰብኩ። እንዴት መሰላችሁ…

የምኖረው ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከደምበል ሕንፃ ጀርባ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ስኳር አለባት። ከታወቀላት ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ሜትፎርሚን የሚባለውን ነጭ ክኒን ትውጣለች። እኔም በየወሩ የሐኪም ወረቀቷን ይዤ ደምበል አካባቢ ካለ አንድ ፋርማሲ ስልሳ ፍሬ እገዛላታለሁ። በቤታችን የመድኃኒቱን ስም የሚጠራ የለም፤ "የእቴቴ ክኒን" ነው የሚባለው።

ባለፈው ዓመት፣ መድኃኒቱን በገዛሁ ማግሥት፣ እሑድ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ጥቂት ሳምንታት አልፈዋል። ኬሞ ሊጀምሩ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ሴትዮዋ ከበሽታው ይልቅ ኬሞውን ነበር የፈሩት፤ "ፀጉሬ ይረግፋል፣ ምግብ አያስበላኝም፣ ይደፋኛል" እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ታዲያ ማጽናናቴ ነው፣ በዚያው ሰሞን በስልኬ ላይ ያየሁትን ወሬ ጣል አደረግሁ። "እትዬ፣ አይዞዎት! የእቴቴ የስኳር ክኒን እኮ ካንሰር ይገድላል ተብሏል። ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል" አልኳቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ያነበብኩት ርዕሱን ብቻ ነበር። ውስጡን አልከፈትኩትም።

ከ20 ቀን በኋላ የአክስቴ ክኒን አለቀ። ፋርማሲ ስሄድ ባለሙያዋ ወረቀቱን አየችና፣ "እህቴ፣ የወር መድኃኒት ነው እኮ የወሰድሽው፤ ገና አሥር ቀን ይቀራል። ሌላ የሚወስደው ሰው አለ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ቤት ተመልሼ አክስቴን ሳፋጥጣት፣ ያለ አንዳች ሐፍረት ነገረችኝ። "ለእሷ ሁለት፣ ለእኔ አንድ እያደረግን ነው። አንቺ አይደለሽ ያልሽው? እሷን ካዳነልን እኔ አንዷን ብተው ምን እሆናለሁ!" አለች። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ስልሳ ፍሬ በቀን ሦስት ሲሄድ 20 ቀን ነው። ይባስ ብሎ ጎረቤታችን የመጀመሪያውን የኬሞ ቀጠሮ ሳይሄዱ አሳልፈውታል። "ክኒኑ ካለ ምን አሠቃየኝ" ብለው!

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አበው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ያንን ርዕስ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከዚያም ርዕሱ የመጣበትን ጥናት፣ ከዚያም ከጥናቱ በኋላ የመጡትን። ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ። /ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።/

ለመሆኑ ሜትፎርሚን ምንድን ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው ከቅጠል ነው። በአውሮፓ ጋሌጋ የሚባል አበባማ ተክል አለ፤ በድሮ ዘመን የባህል መድኃኒት ሆኖ ያገለግል ነበር። በውስጡ ጋሌጂን የሚባል፣ የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይገኛል። ግን መርዛማ ነው። በጎች ሲግጡት ይታመማሉ፣ ይሞታሉም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከዚህ ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመዱ፣ ጉዳታቸው ያነሰ ቅመሞችን መፈለግ ያዙ።

በ1922 በአየርላንድ፣ ደብሊን ከተማ፣ ኤሚል ወርነርና ጄምስ ቤል የሚባሉ ኬሚስቶች ሜትፎርሚንን በቤተ ሙከራ ሠሩት። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ኢንሱሊን ተገኝቶ ዓለም ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ስለነበር ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኞች ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። መድኃኒቱም "ግሉኮፋጅ" ተባለ፤ "ስኳር በላ" እንደማለት ነው። አሜሪካ የፈቀደችው ደግሞ ገና በ1994 ነው። ይህን ያህል ያዘገያት ፌንፎርሚን የሚባለው የሥጋ ዘመዱ ነው። ፌንፎርሚን ደምን በአሲድ እየሞላ ሰው በመግደሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ በብዙ አገሮች ከገበያ ወጥቶ ነበር። የዘመድ ኃጢአት ለሜትፎርሚን ተረፈው ማለት ነው። በ1998 ግን በእንግሊዝ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ሜትፎርሚን ክብደት ባላቸው የስኳር ሕመምተኞች ላይ ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ በአገራችንም ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? አክስቴ "የበላሁትን ስኳር ያቃጥልልኛል" ትላለች። እንደዚያ አይደለም። ጉበታችን እንደ ጎተራ ነው ብላችሁ አስቡት። ስንበላ ስኳር ያከማቻል፣ ስንጾም ደግሞ ከጎተራው እያወጣና ራሱም እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። "በቃ፣ ዝጋ!" የሚለው ኢንሱሊን ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ጉበት ይህን ትእዛዝ አይሰማም፤ ደሙ በስኳር ሞልቶ እያለ ጎተራውን ከፍቶ ይለቃል። ሜትፎርሚን ዋና ሥራው የጎተራውን በር ጠበብ ማድረግ ነው። በተጨማሪም ሰውነት የኢንሱሊንን ድምፅ በቅጡ እንዲሰማ ይረዳል። በዚህ ምክንያት በደም ውስጥ የሚዞረው ኢንሱሊንም ይቀንሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፤ የካንሰሩ ጉዳይ ከእሷ ነው የሚነሳው።

ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው በኢንሱሊን በኩል ነው። ኢንሱሊን የስኳር ተቆጣጣሪ ብቻ አይደለም። ሴሎችን "እደጉ፣ ተባዙ" የሚል መልእክትም ያደርሳል። የካንሰር ሴል ደግሞ ከዚህ የተሻለ የሚሰማው መልእክት የለም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ2010 በጋራ ባወጡት ሰነድ፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች በጉበት፣ በቆሽት፣ በማኅፀን፣ በትልቁ አንጀትና በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል ገልጸዋል። እንግዲያው ኢንሱሊንን የሚቀንስ መድኃኒት ካንሰርንም ሊቀንስ ይችላል ብሎ ማሰብ ተራ ቅዠት አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ በሴሉ ውስጥ ነው። በየሴላችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። ሜትፎርሚን የእነዚህን ማመንጫዎች ሥራ በመጠኑ ያውካል። ኃይል ሲያንስ ሴሉ ውስጥ ኤ.ኤም.ፒ.ኬ የሚባል ጠባቂ ይነቃና "መብራት ቀንሷል፣ ግንባታ ይቁም!" ይላል። ይህን ጠባቂ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ኤል.ኬ.ቢ.1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። ኤል.ኬ.ቢ.1 በዘር ሲበላሽ ሰዎች ዕጢ የሚያበዛ ብርቅ በሽታ ይይዛቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ የስኳር መድኃኒቱ የሚነካው ገመድ መጨረሻው ከካንሰር መከላከያ ጋር የታሰረ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ገመድ ከተገኘባቸው ቤተ ሙከራዎች አንዱ በስኮትላንድ፣ በደንዲ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እዚያ የሚሠራው ባዮኬሚስት ዳሪዮ አሌሲና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ። "ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ከማይወስዱት ያነሰ ካንሰር ይይዛቸው ይሆን?" የአካባቢው የሕሙማን መዝገብ በሚገባ የተያዘ ስለነበር ዞር ብሎ ማየት ተቻለ። ካንሰር የያዛቸውን 923 የስኳር ሕመምተኞች፣ ካንሰር ካልያዛቸው 1,846 የስኳር ሕመምተኞች ጋር አነጻጸሩ። ሜትፎርሚን ወስደው በሚያውቁት ላይ ካንሰር የመገኘቱ ዕድል በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ በ2005 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። አጭር ጽሑፍ ነበር፤ ጸሐፊዎቹም "ገና ይጣራ" ብለዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ጎርፍ ሆነ! ጥናት በጥናት ላይ ተደራረበ። በብርጭቆ ሳህን ላይ የበቀሉ የካንሰር ሴሎች ሜትፎርሚን ሲፈስባቸው ማደግ አቆሙ። አይጦች ላይም ተስፋ ሰጭ ነገር ታየ። እኔ በስልኬ ያየሁት ርዕስም የዚህ ጎርፍ ጠብታ ነበር። ለምን አይደሰቱ? መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ባለቤትነቱን የሚጠይቅ ኩባንያ የለም፣ ስድሳ ዓመት ሰው ሲውጠው ኖሯል። እንደ እኛ ላለ አገር ደግሞ ከሰማይ እንደ ወረደ መና ነበር።

አንድ ነገር ግን በርዕሶቹ ውስጥ አልተጻፈም። በሳህኑ ላይ የፈሰሰው ሜትፎርሚን በብዙ ሙከራዎች አንድ ሰው ክኒኑን ሲውጥ በደሙ ውስጥ ከሚገኘው በአሥርና በመቶ እጥፍ የበለጠ ነው። በሳህን ላይ ካንሰር የሚገድል ነገር ብዙ አለ፤ በረኪናም ይገድላል!

የዕድር ሒሳብ

"እሺ፣ ሳህኑን ተዪው። ሰዎቹ ላይ የታየውስ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም በዚህ ጥያቄ ብዙ ቀን ተይዤ ነበር። መልሱ የገባኝ የሰፈራችንን ዕድር ሳስብ ነው።

በአንድ ዕድር ውስጥ 20 ዓመት የቆዩ አባላትንና ሁለት ዓመት ብቻ የቆዩ አባላትን ውሰዱ። ከሞቱት መካከል የየትኞቹ ዕድሜ ረዥም ሆኖ ይገኛል? የ20 ዓመቶቹ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ታዲያ "ዕድር ዕድሜ ያረዝማል" ሊባል ነው? አይባልም! የ20 ዓመት አባል ለመባል መጀመሪያ 20 ዓመት በሕይወት መቆየት ግድ ነው። ዕድሜውን ያረዘመው ዕድሩ አይደለም፤ በዕድሩ ውስጥ ረዥም ጊዜ ሊቆጠር የቻለው ረዥም ዕድሜ ስላለው ነው።

በሜትፎርሚን ጥናቶች ውስጥም ይኸው ስሕተት ሰርጎ ነበር። "አምስት ዓመት ሜትፎርሚን የወሰደ" ተብሎ የሚመዘገብ ሰው፣ እነዚያን አምስት ዓመታት ካንሰር ሳይይዘው መቆየት አለበት። ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት ካንሰር የያዘው ሰው ደግሞ "ያልወሰደ" በሚለው ረድፍ ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን ክኒኑ ምንም ሳይሠራ የሠራ ይመስላል። በካናዳ፣ ሞንትሪያል የሚገኙት ሳሚ ስዊሳና ሎረን አዙሌ በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ከፍተኛ ጥቅም አሳይተዋል የተባሉትን ጥናቶች አንድ በአንድ መርምረው ብዙዎቹ በዚህ ወጥመድ እንደወደቁ አሳዩ። ከወጥመዱ የራቁት ጥናቶች ጥቅም አላገኙም።

ሌላም አለ። ሐኪም ሜትፎርሚን የሚያዘው ለማን ነው? በአብዛኛው ስኳሩ ገና ላልከፋበትና ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ለጸናበት ኢንሱሊን ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱን ማነጻጸር ቀድሞውኑ ጤናማውን ከበሽተኛው ጋር ማወዳደር ይሆናል።

ዕጣው ምን አለ?

ታዲያ እውነቱ እንዴት ይታወቃል? በዕጣ ነው። ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ማንም ሳያዳላ፣ ሕሙማኑ ለሁለት ይደለደላሉ። ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ ደግሞ መልኩ የሚመስል ባዶ ክኒን ያገኛል። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ከዚያ ዓመታት ይጠበቃል።

ትልቁ ዕጣ የወጣው በጡት ካንሰር ላይ ነበር። ጥናቱን የመሩት የቶሮንቶዋ ሐኪም ፓሜላ ጉድዊን ናቸው። ከ2010 እስከ 2013 ድረስ በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በስዊዘርላንድ ስኳር የሌለባቸው፣ የጡት ካንሰራቸው መደበኛውን ሕክምና ያገኘ 3,649 ሰዎች ተመዘገቡ። ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 850 ሚሊግራም ሜትፎርሚን ለአምስት ዓመት ወሰዱ። ልብ በሉ፤ ሜትፎርሚኑ በሕክምናው ላይ ተጨመረ እንጂ ሕክምናውን አልተካም። ውጤቱ በ2022 ታወጀ። ሆርሞን በሚቀበለው የካንሰር ዓይነት፣ በሽታው ዳግም የተነሳባቸው፣ ሌላ ካንሰር የያዛቸው ወይም የሞቱት፣ በዓመት ከ100 ሰው ሜትፎርሚን ከወሰዱት 2.78፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.74 ሆኑ። ማለትም ምንም ልዩነት የለም! ሆርሞን በማይቀበለው ዓይነትም ጥቅም ስላልታየ የዚያኛው ክፍል ክኒን መውሰድ ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር።

ሌሎቹም ተመሳሳይ ናቸው። በ2021 በሳንባ ካንሰር ላይ የሁለት ጥናቶች ውጤት ወጣ። ሜትፎርሚን ከኬሞና ከጨረር ጋር ሲጨመር አልረዳም፤ እንዲያውም በአንደኛው የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት የባሰ ሆኑ። በ2015 በኔዘርላንድ በቆሽት ካንሰር ላይ የተሞከረውም ጥቅም አላሳየም። በእንግሊዝና በስዊዘርላንድ 1,874 የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን የተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ ውጤቱ በ2024 ቀርቧል። ሜትፎርሚን የተጨመረላቸው ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ የኖሩ ቢመስልም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አልበለጠም።

ታዲያ ተስፋው ሁሉ ከንቱ ነው?

እዚህ ላይ ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ሮጬ "ሁሉም ውሸት ነበር" ብል፣ እንደገና ርዕስ ብቻ ያነበበች ተማሪ መሆኔ ነው። ስለዚህ ተስፋውንም በልኩ ላስቀምጥ።

በጃፓን በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ከትልቁ አንጀታቸው ላይ ፖሊፕ /ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እንደ ኪንታሮት ያለ ትርፍ ሥጋ/ የተነሳላቸውን፣ ስኳር የሌለባቸውን 151 ሰዎች በዕጣ ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በቀን 250 ሚሊግራም ብቻ ለአንድ ዓመት ሰጠ። ዳግም ሲታዩ ሜትፎርሚን ከወሰዱት 38 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 56 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ላይ ፖሊፕ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው፤ ፖሊፕም ገና ካንሰር አይደለም። ቢሆንም ሜትፎርሚን የሚረዳበት ቦታ ካለ፣ ከያዘው ካንሰር ይልቅ ካንሰሩ ሳይመጣ በፊት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። በትልቁ የጡት ካንሰር ጥናትም ኸር 2 የሚባለው ዓይነት ካንሰር ባለባቸው ጥቂት ሴቶች ላይ የተሻለ ነገር የታየ መስሎ ነበር፤ እሱን ግን ለብቻው ዳግመኛ ካልፈተሹት በስተቀር እንደ እውነት አይያዝም። በፕሮስቴቱ ሙከራ ደግሞ ሜትፎርሚን የሆርሞን ሕክምናው የሚያመጣውን የክብደትና የስኳር መጨመር ቀንሷል። ያው የቀድሞ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው!

እንግዲህ ጠቅለል ሲደረግ፣ ሜትፎርሚን ጥሩ የስኳር መድኃኒት ነው። የካንሰር መድኃኒት ለመሆኑ ግን በትልልቆቹ ፈተናዎች አላለፈም።

"ባይጠቅምም አይጎዳም" ይባላል፤ ግን…

አክስቴ ያን ምሽት የተከራከረችኝ በዚህ ነበር። "ባይጠቅማትስ ምን ይጎዳታል? እኔ ዘጠኝ ዓመት ስውጠው ምን ሆንኩ?" አለችኝ። በማግሥቱ ያንን ጥያቄ ይዤ ደምበል ወዳለችው ፋርማሲስት ተመለስኩ። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሆና በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ አልፎ አልፎም ያ የፌንፎርሚን ጣጣ፣ ማለትም የደም በአሲድ መሞላት ሊከተል ይችላል። ኬሞ የጀመረ ሰው ደግሞ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ያንሰዋል፤ በዚህ ጊዜ ኩላሊት ይጎዳል። ሜትፎርሚን ራሱም ሆድ ያውካል፤ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12 ይቀንሳል። "ለአክስትሽ ሲታዘዝ እኮ ኩላሊቷ ተመርምሮ ነው። ጎረቤትሽን ማን መረመራቸው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የአክስቴም ነገር ቀላል አልነበረም። ከሁለት ወደ አንድ ፍሬ ወርዳ ስኳሯን ስትለካ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ለሁለት ሰው ደግ ሊሆን የታሰበ ነገር ሁለቱንም ሊጎዳ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ግን ክኒኑ ውስጥ አይደለም፤ በባከነው ቀን ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2022 ባወጣው ግምት፣ በአገራችን በዓመት ወደ 80 ሺህ ሰው አዲስ ካንሰር ይይዘዋል። ከ2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እየተካሄደ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ከሚመዘገበው ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና በ1997 ከጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ወረፋው ረዥም፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ሕመምተኛ ማደሪያ የሌለው ነው። ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር የሞተባቸው አቶ ወንዱ በቀለ በ2004 ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን መርዳት ነው። ብዙዎች ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑን ሐኪሞች ሁልጊዜ ይናገራሉ። በእንደዚህ ያለ አገር ቀጠሮ ያገኘች ሴት ቀጠሮዋን እንድትተው ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር!

እንዴት ተፈታ?

የሰማሁትን ሁሉ ይዤ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠ፣ "እትዬ፣ ተሳስቼ ነው ያሳሳትኩዎት። ያነበብኩት ርዕሱን ብቻ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። የዕድሩንም ምሳሌ፣ የዕጣውንም ነገር አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ አንቺ እንኳ ባትይው ሌላ ሰው ይለው ነበር። እኔ እኮ የፈለግሁት ኬሞውን የሚያስቀርልኝ ሰው ነበር" አሉኝ። ይህ ንግግራቸው ከንባቡ ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። የፈራ ሰው ጆሮ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው ስለ በሽታ የሚጽፍ ሰው ከሌላው ጸሐፊ ሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት።

በዚያው ሳምንት እኔና አክስቴ አጅበናቸው ሄድን። ስለ ወሰዱት ክኒን ለሐኪማቸው ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ኩላሊታቸው ታይቶ ደህና ሆኖ ተገኘ። አዲስ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ይህን ስጽፍ አራተኛውን ዙር ጨርሰዋል። ፀጉራቸው እንደፈሩት ረግፏል፤ በነጠላ ተሸፋፍነው እሑድ ቡና ላይ ይመጣሉ። "ድነዋል" ብዬ አልጽፍም፤ ያንን የሚለው ሐኪማቸው ነው፣ ጊዜውም ገና ነው። የአክስቴ ስልሳ ፍሬ ግን እንደገና ለሰላሳ ቀን ይበቃል።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም የነገ ባልደረቦቼ! እንዲህ ዓይነት ዜና ሲያጋጥማችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሙከራው በሳህን ላይ ነው፣ በአይጥ ላይ ነው ወይስ በሰው ላይ? በሰው ላይ ከሆነ፣ በዕጣ ተከፍሎ ነው ወይስ መዝገብ ታይቶ? ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተጨምሮ ነው ወይስ በሕክምናው ፋንታ? እነዚህን ሳትመልሱ አትጻፉት፤ ቡና ላይም አታውሩት። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ክኒናችሁን በታዘዘላችሁ ልክ ውሰዱ፣ ለማንም አታካፍሉ። ካንሰርም ስኳርም ያለባችሁ ለሁለቱም ሐኪሞቻችሁ ሁለቱንም ንገሩ። ጡቷ ላይ ያላወቀችው እብጠት ያየች እህት ካለችም፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ታጥፈውና ወደ ሐኪም ትሂድ።

ቸር ያሰማን!